ኮክ ገዝታችሁ በቀጥታ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የደረሰኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ ሱፐርማርኬት ያለው የሚያብረቀርቅ ኮክና ፕሪም ኬሚካል የተቀባ ነው ይባላል፤ ለልጆቼ ልስጣቸው?» የሚል ነው።

ስጧቸው፤ ግን በደንብ አጥባችሁ። ኮክ ከዛፍ ከተቀጠፈ በኋላም በሕይወት አለ፤ ይተነፍሳል፣ ኤትሊን የሚባል ጋዝ እያወጣ ራሱን ያበስላል። ስለዚህ ሩቅ የሚልኩት ነጋዴዎች በቀዝቃዛ ውኃ ወይም አየር ሙቀቱን ቶሎ ያወጡለትና 0 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩታል። አንዳንዱ እንዳይደርቅ ስስ ሰም ይቀባል። ለምግብ የተፈቀደው ሰም ቢበላም አይጎዳም። ሻጋታ እንዳይይዘው ፀረ ፈንገስ የሚደረግበትም አለ፤ እሱን ለመቀነስ በሚፈስ ውኃ እያሻሹ ማጠብ ነው። በረኪናና ሳሙና ግን ይቅርባችሁ! ፍሬው ይመጠዋል።

አሁን ወደ ፍሪጁ እንምጣ። ያልበሰለ ኮክን ቶሎ የሚያበላሸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያለው ቅዝቃዜ ነው፤ የቤታችን ፍሪጅ ደግሞ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ሲገምጡት ግን ጭማቂ የለውም፣ እንደ ዱቄት ይሆናል፣ ዘሩ ዙሪያ ይጠቁራል። መርዝ አይደለም፣ ገንዘባችሁን ነው የበላው። ጠንካራውን ኮክ ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ውጭ አስቀምጡት፤ አንድ የበሰለ ሙዝ ብትጨምሩበት ኤትሊኑ ያፈጥነዋል። ጣት ሲነካው ለስለስ ካለና ከሸተተ ያኔ ፍሪጅ ይግባ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብሉት።

እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ግን ትኩሱ ሳይሆን የደረቀው ነው። ያ ደማቅ ብርቱካንማ የደረቀ አፕሪኮት ቀለሙን የሚጠብቀው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም፤ አንዳንድ የአስም ሕመምተኞች ላይ ግን የአየር ቧንቧን ያጠባል። እሽጉ ላይ «ሰልፋይት» ወይም «ኢ 220» የሚል ካለ አስም ያለበት ልጅ ባይበላው ይሻላል። ያለ ሰልፈር የደረቀው ቡናማ ነው፤ መልኩ ባያምርም እኔ እሱን እመርጣለሁ።

በልቶ ደረቱን ከጨነቀው ወይም ሲር ሲር ካለው፣ የታዘዘለትን ኢንሄለር ወዲያው ስጡት። ካልተሻለው ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ምን እንደበላም ለሐኪሙ ንገሩት።