ስለ ይሓ መቅደስ አሮጌ ፎቶግራፍ

በደካ ላሉ መምህራንና ሽማግሎች።

በካፋ ምድር ሽማግሌ ከልጅ ጋራ ሲሄድ፥ «የነገሥታቱ ቤት በዚህ ነበረ» ይለዋል፤ ልጁ ግን ሣርና ዛፍ ብቻ ያያል። በቦንጋና በአንድራቻ የነበረው ቤተ መንግሥት ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ስለ ነበረ፥ ከ1889 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ቆሞ አይታይም። ያለፈውን ሥራ ለልጅ የሚያሳዩት የሽማግሌ ቃልና ሥዕል ናቸው። እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደሚረዳዱ በይሓ ምሳሌ እናስረዳለን።

ይሓ በትግራይ፥ ከዐድዋ በስተ ምሥራቅ ያለ ስፍራ ነው። በዚያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ፥ አልመቃህ ለሚባለው የጥንት አምላክ የተሠራ መቅደስ አለ። ርዝመቱ 18 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 15 ሜትር፥ የግንቡ ቁመት 13 ሜትር ያህል ነው። ድንጋዮቹ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ እርስ በርሳቸው ተጋጥመዋል። በኋላ ዘመን ሕዝቡ ክርስቲያን በሆነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል።

በ1898 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ቍጥር 1906) ሊትማን የሚባል የጀርመን ሊቅ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ከባልንጀሮቹ ጋራ ወደ አክሱም መጣ። ከነርሱም አንዱ ፎን ሉፕከ የሚባለው የግንብ ሥራ ዐዋቂ ፎቶግራፍ አነሣ። መጽሐፋቸውም በአውሮፓውያን ቍጥር በ1913 በበርሊን በ4 ክፍል ታተመ።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው የብር መድኀኒት በተቀባ መስታወት ላይ ነበር። ብርሃን የነካው ይጠቍራል፤ በወረቀት ሲታተም ግን ተመልሶ ይነጣል። ስለዚህ ሥዕሉ የድንጋዩን ቅርጽና አቀማመጥ በትክክል ያሳያል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላውን መልኩን ግን አያሳይም። የሠሪውን ስምና የቤቱን ሥርዓትም አይናገርም። ሥዕል ያሳያል እንጂ አይመልስም፤ ሽማግሌ ግን ይመልሳል፥ ነገር ግን ያልፋል።

እንግዲህ መምህር ሆይ፥ በሰፈርህ አሮጌ ፎቶግራፍ ብታገኝ ወደ አባቶች ይዘህ ሂድ። የሰዎቹን ስም፥ ስፍራውንና ዘመኑን ጠይቀህ በወረቀት ጽፈህ ከሥዕሉ ጋራ አኑር። ፎቶግራፍ ባይኖር፥ አባቶች እየነገሩ ልጆች የቤቱን አሠራር በወረቀት ይሣሉ። አባቶች ሆይ፥ እናንተም የምታውቁትን ሳትነፍጉ ንገሩ፤ ያልተጻፈ ቃል ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራልና።

ጥያቄ።
1. የይሓ ግንብ ሲቆም የአንድራቻ ቤት ስለ ምን ጠፋ?
2. ፎቶግራፍ የማያሳየው ምንድን ነው?
3. በሰፈራችሁ ከሽማግሎች በቀር የሚያውቀው የሌለ ስፍራ የትኛው ነው?