ትንሽ ዝርያ ነው ወይስ የትልቅ ልጅ? የሐዋሳን ዓሦች ለቤት አኳሪየም መለየት

ከሐይቅ ዳር በመረብ የወጣ የጣት ቁመት ያለው ዓሣ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዕድሜውን ሙሉ ትንሽ ሆኖ የሚኖር ዝርያ ነው፣ ወይ ዛሬ ብቻ ትንሽ ሆኖ ነገ አኳሪየሙን የሚያጨናንቅ የትልቅ ዓሣ ልጅ ነው። ጀማሪ ሁሉ ስሙን ለማወቅ ይቸኩላል። እኔ ግን ከስሙ በፊት «ይሄ ዓሣ ሲያድግ የት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ስሙ ሳይታወቅ ቢቆይ ጉዳት የለውም፣ አምባዛ ሳያውቁ ቤት ማስገባት ግን ጉዳት አለው።

ይህን ለመማር ሐዋሳ ሐይቅን የመሰለ ቦታ የለም። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የሚገባው ዋና ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። በሐይቁ የሚታወቁት የዓሣ ዝርያዎችም 6 ብቻ ናቸው። ሦስቱ ትልልቆች ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ሲሆኑ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የወረደ ሰው ያውቃቸዋል። የቀሩት ሦስቱ ለገበያ የማይቀርቡ ትንንሾች ናቸው፦ ኢንተሮሚየስ ፓሉዲኖሰስ የተባለው ትንሹ በርባስ፣ ከድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ጋራ፣ እና ከሁሉም የሚያንሰው አንቲኖሪ። ስለዚህ ባልዲዎ ውስጥ ያለው ከስድስት አንዱ ነው፤ አምስቱን እየጣሉ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

ደረጃ 1፦ ከመረቡ በፊት

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል ሕግ አለ። ለጥቂት ዓሣ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ቢሆንም አስቀድመው በአካባቢው ግብርና ቢሮ የዓሣ ሀብት ክፍልን ይጠይቁ። አጎበር ቆርጠው መረብ አያድርጉ። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ጫጩቱን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል፤ እርስዎ አምስት ዓሣ ሲፈልጉ መቶ ይሞታል። ክብ እጀታ ያለው ትንሽ መረብ ከቄጠማው ዳር ይበቃል።

ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። ዓሣው የተያዘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ከቄጠማ ይሁን ከድንጋይ ወይም ከጥቁር ውሃ አፍ፣ ሁሉም እዚያው ይጻፍ። ቦታው ያልታወቀ ዓሣ ባለሙያውንም ያስቸግራል። በሐዋሳ 6 የነበረው ምርጫ፣ «ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከአንዱ ነው» ሲባል ይበዛል።

ደረጃ 2፦ በመስታወት ውስጥ ማየት

ዓሣን በእጅ ይዞ መለየት አይቻልም፤ ይንፈራገጣል፣ ክንፉን ያጥፋል፣ ዝልግልግ ሽፋኑም ይላጣል። ጎኖቹ የተቀራረቡ ጠባብ የመስታወት ሳጥን ያዘጋጁ፤ ከሌለ ጠፍጣፋ ጎን ያለው ንጹሕ የማር ብርጭቆ ይሁን። የሐይቁን ውሃ ይሙሉበት፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት፣ ከጎኑ ማስመሪያ ያቁሙ። ከመረብ ወደ ብርጭቆ ሲያዛውሩ በኩባያ ከነውሃው ይቅዱት። ምክንያቱ በደረጃ 6 ይገባዎታል።

በስልክዎ ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ የግራ ጎኑን ሙሉ፣ ከላይ ጀርባውን፣ ከታች አገጩን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከሦስቱ ግን ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ቁመት ሲለኩ ከአፍንጫው ጫፍ ጀምረው የጅራቱ ክንፍ የሚነሳበት ላይ ያቁሙ፤ ጅራት ይቆረጣል፣ ይበላልም።

ቀለሙን ለጊዜው ይርሱት። የተያዘ ዓሣ ከድንጋጤ ይገረጣል፤ ጨለማ ባልዲ ውስጥ የቆየ ደግሞ ይጠቁራል። በቀለም ብቻ የሚለይ ሰው አንዱን ዓሣ ጠዋትና ማታ ሁለት ስም ይሰጠዋል።

ደረጃ 3፦ ቅርፊት አለው?

ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛን የማይበሉ ብዙ ምእመናን አሉ፤ እነሱ ይህን ደረጃ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ቆዳው ለስላሳ፣ ራሱ ከላይ ወደ ታች የተደፈጠጠ፣ አፉ ዙሪያ 8 ጢም ያለው፣ የጀርባ ክንፉም እሾህ ሳይኖረው እስከ ጅራቱ የሚጠጋ ከሆነ የአምባዛ ልጅ ነው። በጣም ትንሽ ሳለ ከላይ ሲያዩት ገና እግር ያላወጣ የእንቁራሪት ልጅ ይመስላል፤ ጢሙን ይቁጠሩ። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አፉ የሚችለውን ጎረቤት ሁሉ ይውጣል። እዚያው ይመልሱት።

ደረጃ 4፦ ጢም የሌላቸው ሁለቱ

ቅርፊት ካለው ወደ አፉ ይሂዱ። ጢም ጨርሶ ከሌለው የቀሩት ቆሮሶና አንቲኖሪ ናቸው፤ የጀርባ ክንፉ ይለያቸዋል።

የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ ከስንጥቡ ክዳን በላይ ተነስቶ ጀርባውን ሁሉ ይሸፍናል። የፊተኛው ክፍሉ ጠንካራ እሾህ ነው፣ የኋለኛው ለስላሳ። በልጅነቱ ለስላሳው ክፍል ላይ ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጥብ አለው፤ እያደገ ሲሄድ ይጠፋል። እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፏ ስለምታሳድግ፣ ከቄጠማ ሥር ግር ብለው የሚገኙት ደቃቅ ዓሦች ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። ለሾርባ እንጂ ለትንሽ አኳሪየም አይሆኑም።

የአንቲኖሪ የጀርባ ክንፍ አጭር ነው፣ ወደ ጅራቱ ተጠግቶ ወደ ኋላ የቀረ፣ እሾህም የለውም። ራሱ ከላይ ጠፍጣፋ፣ አፉ ወደ ላይ የቀና ነው፤ ከውሃው ገጽ ሥር ሆኖ ምግብ ይለቅማል። የዓይኑ የላይኛው ጠርዝ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። አድጎም ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ስሙ የጣልያኑ ተጓዥ የኦራትዮ አንቲኖሪ መታሰቢያ ነው፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1882 ሸዋ ውስጥ ልጥ ማረፊያ ሞቶ፣ ዓሣው በዓመቱ በስሙ ተመዘገበ። ከስድስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይሄንን እወስዳለሁ፤ አነስ ያለ አኳሪየም ይበቃዋል፣ በመንጋ ሲሆን ያምራል፣ ማንንም አይነካም። ክዳን ግን አይርሱ፤ ይዘላል።

ደረጃ 5፦ አገጩን ከታች

ጢም ካለው ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ከሥር ይመልከቱ። አፉ ከራሱ በታች ተደብቆ፣ ከከንፈሩ በስተኋላ አገጩ ላይ ክብ ሥጋማ መጣበቂያ ካዩ ጋራ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ብርጭቆው ላይም ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። በስፓ የሰው እግር የሚለቃቅመው ዓሣ የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። የጋራ ዝርያዎችን እርስ በርስ መለየት ቅርፊት መቁጠርና የላቦራቶሪ ሥራ ይጠይቃል፤ ለቤት አኳሪየም ግን «ጋራ፣ ከሐዋሳ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አረንጓዴውን ዝቃጭ እየጋጠ መስታወት ያጸዳል፤ በምላሹ አየር የበዛበትና የሚንቀሳቀስ ውሃ ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ እሾሁ

አሁን የቀሩት ሁለቱ ናቸው፣ ከባዱም ይሄ ነው። የቢልጫ ልጅና ትንሹ በርባስ ሁለቱም ብርማ ናቸው፣ ሁለቱም ሁለት ጥንድ ጢም አላቸው፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ሲገናኙ መንታ ይመስላሉ። አንደኛው ግን እጅግ የሚያድግ ትልቅ ዓሣ ነው፣ ሌላኛው እዚያው አካባቢ የሚቀር።

አጉሊ መነጽር ያውጡ። በሁለቱም የጀርባ ክንፍ ፊት ላይ አጥንት የሆነ አንድ ጠንካራ ዘንግ አለ። የዘንጉን የኋላ ጠርዝ ይዩ። እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ካለው ትንሹ በርባስ ነው፤ ልሙጥ ከሆነ የቢልጫ ልጅ ነው። በመረብ አያዛውሩት ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ጥርሱ ክሩን ይይዝና ዓሣውን ሲያላቅቁ ክንፉ ይቀደዳል። በፎቶ ለማየት ክንፉ ሲቆም መጠበቅ አለብዎት፤ ብርጭቆውን በጣት መታ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ ይቆማል።

ከተጠራጠሩ ቅርፊቱ ይመሰክራል። መንቀል አያስፈልግም፣ ባልዲው ሥር አንድ ሁለት የወደቀ አይጠፋም። ጥቁር ወረቀት ላይ አድርገው በአጉሊ መነጽር ይዩት። የቢልጫው ቅርፊት ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ የትንሹ በርባስ መስመሮች ጥቂት ሆነው ከመሃል ወደ ጠርዝ እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናሉ። እሾሁና ቅርፊቱ አንድ ነገር ከተናገሩ አለቀ። ካልተስማሙ ዓሣውን ይመልሱና ሌላ ይያዙ፤ እየተጠራጠሩ መውሰድ ትርፍ የለውም።

ይህ ቅደም ተከተል የተሠራው ለሐዋሳ ነው፤ ጣና ላይ አይሠራም። እዚያ የቢልጫ ዘመዶች ብቻ 15 የጣና ብቸኛ ዝርያዎች ተለይተዋል፣ ትንንሾቹ በርባሶች 3፣ ጋራዎቹ 4 ናቸው። የጣና ትንሽ በርባስ ሆዱ አብጦ ካዩም «እንቁላል ይዛለች» ብለው አይደሰቱ፤ ሊጉላ የሚባል ረጅም ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ወደ ቤት

በለዩት ላይ እንኳ አይስገብገቡ፤ ስድስት ሰባት አንቲኖሪ ወይም ሁለት ጋራ ይበቃል። ክዳን ባለው ባልዲ፣ በባትሪ በሚሠራ አየር መንፊያ፣ ጸሐይ ሳይበረታ ይጓዙ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እስኪወጣ ቀደም ብሎ በሰፊ ዕቃ ይደር። ከሐይቁ ውሃ ጋር በትንሽ በትንሹ እየቀላቀሉ ያለማምዷቸው፤ የሐዋሳ ውሃ አልካላይን ስለሆነ ድንገተኛ ለውጥ ይጎዳቸዋል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ከሌሎቹ ለይተው ያቆዩአቸው። ሲረጋጉ ዋናው ቀለማቸው ይወጣል፤ ያኔ እንደገና ፎቶ አንስተው ከመጀመሪያው ጎን ያስቀምጡ። ፎቶዎቹንና ማስታወሻውን ሰበታ ላለው የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ ወይም በሐዋሳና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላሉ የዓሣ ባለሙያዎች ማሳየት ይችላሉ።

ያልፈለጉትን ዓሣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ዳር ይልቀቁት። አንዴ ከሱቅ ከመጣ ዓሣ ጋር ውሃ የተጋራ ግን ወደ ሐይቁም ሆነ ወደ ሌላ ወንዝ አይመለስም፤ በሽታም ባዕድ ዝርያም የሚገባው እንዲህ ነው። ዝዋይ ላይ ዛሬ ዱባ እየተባለ የሚሸጠው ካርፕ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፣ በሰው እጅ የገባ ነው። ማሳደግ ካቃተዎት ለሌላ አሳዳጊ ይስጡት።