የሻይ ብርጭቆ በብሌንደር፦ ከማቴሪያሉ በፊት ውፍረቱ

«ብርጭቆዬ ፕላስቲክ መሰለብኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማቴሪያሉን ቁጥሮች ሲነካካ ይውላል። ጥፋቱ ግን ቅርጹና መብራቱ ላይ ነው። ንጹሕ ብርጭቆ የራሱ መልክ የለውም፤ የሚያሳየን ዙሪያውን ነው።

የብርጭቆውን ጎን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ስኬሉን በኮንትሮል ኤ አጽኑ፤ ከዚያ በሶሊዲፋይ ሞዲፋየር 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስጡት። ታቹን ወፈር አድርጉት። አፉን በቤቨል አለዝቡት፤ ያቺ ቀጭን የብርሃን መስመር የምትመጣው ከዚያ ነው። ፌስ ኦሪየንቴሽንን ስታበሩ ከውጭ ቀይ ከታያችሁ፣ ኤዲት ሞድ ገብታችሁ ሁሉንም መርጣችሁ ሺፍትና ኤን ተጫኑ።

ማቴሪያሉ አጭር ነው። በፕሪንሲፕልድ ቢኤስዲኤፍ ትራንስሚሽን 1፣ ራፍነስ 0፣ አይኦአር 1.5፣ ቤዝ ከለር ነጭ። አልፋን አትንኩ፤ ዕቃውን ያሳሳዋል እንጂ ብርሃን አያጥፍም።

የሚያስቸግረው ሻዩ ነው። በፈሳሹና በብርጭቆው ግድግዳ መካከል ክፍተት ካለ ሻዩ ብቻውን የተንጠለጠለ ዕቃ ይመስላል፤ በልኩ ከገጠመ ደግሞ ሁለቱ ገጾች ይጋጩና ጥቁር ነጠብጣብ ያመጣሉ። ስለዚህ የፈሳሹን ጎን ወደ ግድግዳው በጥቂቱ አስገቡት። አይኦአሩ 1.33 ይሁን። ቀለሙን ገጹ ላይ አትቀቡ፤ ቮልዩም አብሶርፕሽንን ከማቴሪያል አውትፑቱ ቮልዩም ጋር አገናኙ። ያኔ ሻዩ መሐሉ ላይ ይደምቃል፣ ወደ ዳር ይሳሳል። ዴንሲቲው በሞዴሉ መጠን ስለሚወሰን እያያችሁ አስተካክሉ።

መብራቱን ከፎቶ አንሺዎች ተዋሱ፦ ከብርጭቆው ኋላ ሰፊ ነጭ ብርሃን፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ካሜራው የማያያቸው ጥቁር ሰሌዳዎች። ብርጭቆው ሰሌዳዎቹን ጠርዙ ላይ ይዞ ይታያል፤ ቅርጹን ከነጩ ጀርባ የሚለይለት ይህ ጥቁር መስመር ነው። እኔ ከኤችዲአርአይ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ብርጭቆዎች ተደራርበው መሐላቸው ከጠቆረ፣ በሳይክልስ 12 የሆነውን የትራንስሚሽን ባውንስ ከቶታሉ ጋር ከፍ አድርጉ። የባዶ ብርጭቆ ጥላ ድፍን ጥቁር ከሆነባችሁም፣ ከብሌንደር 3.2 ወዲህ ሻዶው ካስቲክስ አለ፤ በመብራቱ፣ በብርጭቆውና በጠረጴዛው ላይ ለየብቻ ማብራት ያስፈልጋል። ብርጭቆው ሼድ ስሙዝ ካልተደረገ ግን አይሠራም።