«ሪተርን» ሜተዱን ለምን ዘጋብኝ?

ጥያቄ፦ በሩቢ የተማሪዎችን ውጤት በ«ማፕ» ሳልፍ፣ ያልተሞላው 0 እንዲሆን ብሎኩ ውስጥ «ሪተርን 0» ብዬ ጻፍኩ። ሜተዱ በሙሉ ተቋርጦ 0 ብቻ ሰጠኝ። ለምን?

መልስ፦ ሩቢ የፈጸመው ያዘዙትን ነው። ብሎክ ውስጥ የተጻፈ «ሪተርን» የሚዘጋው ብሎኩን ሳይሆን ብሎኩ የተጻፈበትን ሜተድ ነው። የሚፈልጉት «ኔክስት 0» ነው፤ የዚያን ተማሪ ውጤት 0 አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። (ብዙዎች «ኔክስት» መዝለያ ብቻ ስለሚመስላቸው ዋጋ መመለስ መቻሉን አያውቁም።) «ብሬክ 0» ቢሉ ደግሞ «ማፕ» ራሱ ቆሞ 0 ይመልሳል፤ ከሥሩ ያለው ኮድ ግን ይቀጥላል።

ላምዳ ውስጥ «ሪተርን» ከላምዳው ብቻ ያስወጣል። ፕሮክ ግን እንደ ብሎክ ነው፤ «ሪተርን» ያለበትን ፕሮክ የተጻፈበት ሜተድ ካለቀ በኋላ ቢጠሩት መመለሻ ስለሌለው «ሎካል ጃምፕ ኤረር» ያስነሳል። በእኔ እምነት ብሎክ ውስጥ «ሪተርን» የሚያምርበት፣ የተፈለገው ተገኝቶ ሜተዱም የሚያበቃ ከሆነ ነው።