ሰባቱ ሲሠሩ ስምንተኛው ለምን ሳተ? በአንድ ሰርቨር ላይ የሚደበቅ ስህተት

አንድ ኮድ በሌሎች ሰርቨሮች ላይ በትክክል እየሠራ በአንዱ ላይ ብቻ ድምፁን አጥፍቶ ሲሳሳት መንስኤው ከየት ይፈለግ? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በኮምፒውተር ሙያ የተሰማሩ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ያውቁታል። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ከዋሽንግተን ያስተላለፈው ውሳኔ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ውሳኔው ናይት ካፒታል የተባለውን የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት የሚመለከት ነበር። ድርጅቱ የግዢና የሽያጭ ትእዛዞችን በስምንት ሰርቨሮች ይልክ ነበር። በጁላይ 2012 መጨረሻ አዲስ ኮድ ሲጫን አንዱ ሰርቨር ተዘለለ፤ ሥራውን ያረጋገጠ ሁለተኛ ባለሙያም አልነበረም። በዚያ ሰርቨር ላይ ከ2003 ወዲህ ያልተሠራበት አሮጌ ኮድ ተቀምጦ ነበር። አዲሱን ኮድ የሚያስነሣው ምልክት ደግሞ ቀድሞ አሮጌውን ያስነሣ የነበረው ያው ምልክት ነው። ኦገስት 1 ቀን ገበያው ሲከፈት ሰባቱ በደንብ ሠሩ፤ ስምንተኛው ግን ትእዛዙ መሟላቱን ሳይገነዘብ ያለማቋረጥ ይልክ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጸሙ፤ ኪሳራውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላቀ።

ባለሙያዎቹ የጠረጠሩት አዲሱን ኮድ ነበር። ስለዚህ ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ በዚህም አሮጌው ኮድ በእነርሱም ላይ ነቃ፤ ጉዳቱም ተባባሰ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሥርዓቱ ስህተቱን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ልኮ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ማስጠንቀቂያ የቆጠራቸው አልነበረም።

ከዚህ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ።

አንደኛ፦ ችግሩ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከታየ፣ ኮዱን ከማረም አስቀድሞ ሰርቨሮቹን ማነጻጸር ይገባል። የኮዱ ቅጂ፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የፋይል ፈቃድ፣ የሰዓት ክልልና የፊደል አሠራር አንድ በአንድ ይታዩ። ለምሳሌ፣ የመረጃ ቋቱ ለዩኒኮድ ካልተዘጋጀ የግእዝ ፊደላት ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ፦ ልዩነቱ እስኪታወቅ ድረስ የሳተውን ሰርቨር ከአገልግሎት ማግለል እንጂ ደህናዎቹን መነካካት አይገባም።

ሦስተኛ፦ ዝም ያለ የሚመስል ስህተት ብዙ ጊዜ ሰሚ ያጣ ስህተት ነው። መዝገቡን በየጊዜው የሚያነብ፣ የሚደርሰውንም ማስጠንቀቂያ የሚከታተል ኃላፊ ሊመደብ ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።