በወረቀት ሥዕል የመዝሙር ቪዲዮ ለመሥራት አስቀድሞ ማቀድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት የመዝሙር ክፍላችንና የኪነ ጥበብ ክፍላችን በአንድነት ሆነው የመዝሙር ቪዲዮ ለመሥራት በተነሡ ጊዜ ከፈጸምነው ስሕተት ያገኘነውን ትምህርት ነው። ብዙዎቻችሁ «ቪዲዮው መቼ ይደርሳል?» እያላችሁ ስትጠይቁን ከርማችኋል፤ የዘገየበትን ምክንያት ከዚህ ታገኙታላችሁ። ከዚህም ሌላ ይህን የመሰለ ሥራ ለመጀመር ያሰቡ ክፍሎች ስላሉ፣ እኛ በወደቅንበት እንዳይወድቁ አስቀድሞ መንገሩ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ስቶፕ ሞሽን ምን ማለት ነው?

ስቶፕ ሞሽን የማይንቀሳቀሰውን ነገር እንደሚንቀሳቀስ አድርጎ የማሳየት ጥበብ ነው። ለምሳሌ ከወረቀት የተቆረጠ በግ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ፎቶግራፍ ይነሣል። ቀጥሎ በጥቂቱ ይገፋና እንደገና ይነሣል፤ እንደዚሁ እየተገፋ እየተነሣ ይቀጥላል። በመጨረሻ ፎቶግራፎቹ በፍጥነት ተከታትለው ሲታዩ ዓይናችን አንዱን ከአንዱ ስለሚያያይዘው በጉ በራሱ የሄደ ይመስለናል። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ሥዕል ያሳያል። የዚህ ሙያ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ሁለት ጊዜ ስለሚያሳዩት በሰከንድ 12 ፎቶግራፍ ይበቃቸዋል።

ጥበቡ ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥትን የሚጠይቅ መሆኑን የሚያስረዱ ምሳሌዎች አሉ። ሎቴ ራይኒገር የተባለች ጀርመናዊት ከጥቁር ወረቀትና ከስስ እርሳስ በመቀስ በቆረጠቻቸው ቅርጾች ስለ ልዑል አሕመድ የሚተርክ ረዥም ፊልም ለመሥራት ከ1923 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። እንግሊዛዊው ኒክ ፓርክ ደግሞ የመጀመሪያውን የዋላስና የግሮሚት ፊልም በ1982 እ.ኤ.አ. የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ጀምሮ የጨረሰው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። የፊልሙ ርዝመት ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዓለማዊው ዘፈን በኩልም ፒተር ጋብርኤል በ1986 እ.ኤ.አ. ላወጣው «ስሌጅሃመር» ለተባለው ዘፈን ቪዲዮ ሲሠራ 16 ሰዓት ያህል ከመስተዋት ሥር ተጋድሞ ፎቶግራፍ ሲነሣ እንደ ዋለ ይነገራል። እነዚህ ሰዎች ለዓለማዊ ሥራ ይህን ያህል ከታገሡ፣ ለመዝሙር የተነሣን እኛ ምን ያህል ልንታገሥ ይገባን ነበር?

የእኛ አጀማመር

የመረጥነው መዝሙር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ስለ ተጻፈው ስለ ጠፋው በግ የሚናገር ነው። ከኪነ ጥበብ ክፍል አንዲት እኅታችን የወረቀቱን ቅርጽ የመቁረጡን ሥራ ተቀበለች። በወንጌሉ መቶ በጎች ስለ ተባለ መቶውንም በየጆሯቸውና በየእግራቸው ለይታ ቆረጠች። የፈተናዋን ጥናት ማታ ማታ እየጨረሰች ይህን ለመፈጸም ሦስት ሳምንት ወሰደባት።

እኛ ግን የዩኒቨርሲቲው ፈተና ባለቀ ማግስት በደስታ ተሰብስበን፣ ምንም ሳንቆጥር፣ ማንሣት ጀመርን። ተንቀሳቃሽ ስልኩን በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አስደገፍነው። ብርሃኑ የመስኮት ብርሃን ስለ ነበረ ደመና ሲመጣ ይጨልማል፤ ደመናው ሲያልፍ ይበራል። ስልክ በተደወለ ቁጥር ባለቤቱ እያነሣ ያነጋግርበታል፤ ሲመልሰውም በነበረበት አይመለስም። እሑድ በዚያው ክፍል ሕፃናት ስለሚማሩበት ጠረጴዛው ተነሥቶ ነበርና በማግሥቱ ቅዳሜ ሁሉን በግምት መልሰን አስቀመጥነው።

በሁለት ቅዳሜ 412 ፎቶግራፍ አነሣን። ብዙ የሠራን መስሎን ነበር። በኮምፒዩተር ላይ በሰከንድ 24 አድርገን ስናየው ግን ሁሉም 17 ሰከንድ ብቻ ሆነ! መዝሙሩ 3 ደቂቃ ነው። በዚያም ላይ እረኛው እንደ ፌንጣ ይዘላል፣ ብርሃኑ እንደ መብረቅ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መቶዎቹም በጎች ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ።

በዚያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ያበላሸው ወረቀቱ ነው፤ አቆራረጡ ጥሩ አይደለም» አለ። የቀረነውም ዝም አልን። ዝምታችን ከቃሉ የባሰ ነበር፤ ከዝምተኞቹም አንዱ እኔ ነበርሁ። እኅታችን ምንም ሳትናገር መቀሷን በቦርሳዋ ከትታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ አልመጣችም።

መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡንም። «የምትዘምሩት ስለ ማን ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ያንኑ ዕለት ማታ ሦስት ሆነን ወደ ቤቷ ሄድን። እናቷ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ወረቀቱን የነቀፈው ወንድማችን ራሱ ይቅርታ ጠየቃት፤ እኛም ዝም በማለታችን ጠየቅን። እርሷም ጥቂት ቆይታ፣ «ይቅርታው ይሁን፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መቶ በግ በየሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ለአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ በእጅ እንደሚነካ ቆጥራችኋል?» አለችን። አልቆጠርንም ነበር። በሰከንድ 12 ሥዕል ቢሆን 1200 ጊዜ ማለት ነው። «እንግዲያው ዘጠና ዘጠኙን በአንድ ካርቶን ላይ አጣብቁልኝ። እነርሱ በመስክ ላይ ያሉ ናቸው፤ ይቁሙ። የሚንቀሳቀሰው የጠፋው አንዱ ብቻ ይሁን» አለች። የሦስት ሳምንት ድካሟን ራሷ በሙጫ ልታጣብቅ ፈቀደች። እኛ በሁለት ቅዳሜ ያልደረስንበትን እርሷ ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ያወጣነው እቅድ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ፈቃድ መጠየቅ

መዝሙሩ ባለቤት አለው። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው፣ የዘማሪውና የድምፁ አሳታሚ መብት የተጠበቀ ስለሆነ አስቀድሞ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ሁለተኛው ፈቃድ የመምህራን ነው። እኛ በመጀመሪያ እረኛውን በጌታችን መልክ ለመሥራት አስበን ነበር። መምህራችን ግን፣ ቅዱስ ሥዕል በክብር የሚታይ እንጂ በጣት እየተገፋ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ እንዳይደለ አስረዱን። ስለዚህ ጋቢ ለብሶ በትር የያዘ የደጋ እረኛ ሆኖ ከጀርባው እንዲታይ አደረግን። ምሳሌውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ይበቃዋል። አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው እረኛ በከንቱ አይቆረጥም ነበር።

2ኛ. መዝሙሩን መቁጠር

የመዝሙር ቪዲዮ ከሌላው ፊልም የሚለየው ድምፁ አስቀድሞ ያለቀ በመሆኑ ነው። እንግዲህ ከሥዕሉ በፊት ድምፁን መለካት ያስፈልጋል። የመዝሙራችን ከበሮ በደቂቃ 80 ጊዜ ይመታል፤ በ3 ደቂቃ 240 ምት ይሆናል። ጊዜያችን ጥቂት ስለሆነና መዝሙሩም ዝግ ያለ ስለሆነ በሰከንድ 8 ሥዕል እንዲበቃን ወሰንን። እንቅስቃሴው ትንሽ የሚቆራረጥ ቢሆንም ለወረቀት ቅርጽ ያምርበታል። በዚህ ስሌት ለአንድ የከበሮ ምት 6 ሥዕል ይደርሳል። ስለዚህ የበጉ እርምጃ በየ6 ሥዕሉ መሬት እንዲረግጥ ካደረግን ከከበሮው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ በተሰመረ ደብተር ላይ ጻፍነው። በአንድ ረድፍ የመዝሙሩ ስንኝ፣ በሁለተኛው የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰከንድ፣ በሦስተኛው የሥዕሉ ቁጥር፣ በአራተኛው የሚታየው ነገር ተመዘገበ። ለእያንዳንዱ ስንኝ በእርሳስ ትንሽ ንድፍ ሠርተን አጠገቡ ለጠፍን። ሥዕል መቻል ግዴታ አይደለም፤ በጉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማሳየት ከቻለ ክብና መስመርም ይበቃል።

3ኛ. ድካምን መቁጠር

3 ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 8 ሲሆን 1440 ሥዕል ይሆናል። የመዝሙሩ አዝማች 24 ሰከንድ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ አንሥተን ሦስት ጊዜ ብናሳየው የ48 ሰከንድ፣ ማለትም 384 ሥዕል ድካም ይቀርልናል። ደግሞም እረኛው ቆሞ ወደ ገደሉ በሚመለከትበት 12 ሰከንድ ውስጥ ሥዕሉ ቢቆም ስሜቱን ያጠነክረዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ይህም 96 ሥዕል ይቀንሳል። የሚቀረው 960 ነው።

ለአንድ ሥዕል አንድ ደቂቃ ብንመድብ 960 ደቂቃ፣ ማለትም 16 ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ 3 ሰዓት ብንሠራ ስድስት ቅዳሜ ማለት ነው። የተረፈው 2 ሰዓት ለተበላሸው ማረሚያ ይሆናል። ይህን ቁጥር ካወቁ በኋላ የማይችል «አልችልም» ይላል፤ የሚችልም አውቆ ይገባበታል። ሰውን ሳይነግሩ ለስድስት ቅዳሜ ማሰር ግን ፍቅር አይደለም።

4ኛ. ቦታና ብርሃን

ለሕፃናት ትምህርት የማያገለግለውን የዕቃ ክፍል ለመንን። መጋረጃውን ዘግተን በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አምፖሎች አቆምን። የጠረጴዛው እግሮች የቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግን። ስልኩን ከላይ ወደ ታች እንዲመለከት በእንጨት ላይ አሰርነው፤ ጥሪ እንዳይገባም የበረራ ሁኔታ ላይ አደረግነው። ትኩረቱና ብርሃኑ በራሱ እንዳይለዋወጥ መቆለፍ ያስፈልጋል። ስልኩ እንዳይነቃነቅም በጣት ከመንካት ይልቅ በብዙ ስልኮች ላይ በጆሮ ማዳመጫው ገመድ የድምፅ ቁልፍ ማንሣት ይቻላል።

አንድ ያላሰብነው ነገር ነበረ፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ሲል ነጩ ልብስ ብርሃን እየመለሰ ሥዕሉን ያፈካዋል። ስለዚህ የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ሰዎች ጠቆር ያለ ልብስ ይለብሳሉ፤ ሌላው ራቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራው ይቆማል እንጂ በሻማ አይቀጠልም።

5ኛ. የሥራ ክፍፍል

አንዱ በጉን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ያነሣል። አንዱ ደብተሩን ይዞ የሥዕሉን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሦስቱም እጃቸውን ማንሣታቸውን ሳያረጋግጥ «አንሣ» አይልም። አንዱ ደግሞ በዚያው ዕለት ማታ ሥዕሎቹን በሁለት ቦታ ይገለብጣል። አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን 960ው ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋልና ቦታው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ከሁሉ በፊትም በ10 ሰከንድ ሙከራ መጀመር ይገባል። በ80 ሥዕል የሚታይ ጥፋት በ412 ሥዕል ከሚታየው ይቀላልና።

ማጠቃለያ

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ለመሥራት የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሮናል። እኛ ይህን ስንሰማ የምናስበው ስለ ገንዘብ ብቻ ነበር። አሁን ግን ከወጪው ሁሉ የሚበልጠው የወንድምና የእኅት ድካም እንደ ሆነ ተረዳን። ወረቀት ቢባክን ሌላ ወረቀት ይገዛል፤ የሰው ሦስት ሳምንት ግን በገንዘብ አይመለስም። እቅድ ማውጣት ማለት ለእኛ ከእንግዲህ ወዲህ ይህን ድካም ማክበር ማለት ነው።

እስከ ዛሬ አራት ቅዳሜ ሠርተን 655 ሥዕል አንሥተናል። በእቅዱ 720 መሆን ነበረበት፤ አንድ ቅዳሜ መብራት ስለ ጠፋ ወደ ኋላ ቀርተናል፤ ቢሆንም በቀሩት ሁለት ቅዳሜዎች ይሞላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ቁጥሩን ጮክ ብላ የምትጠራው ያችው እኅታችን ናት። የጠፋውንም በግ የሚያንቀሳቅሰው ወረቀቱን የነቀፈው ወንድማችን ነው፤ ሥራውን ለምኖ ተቀበለ።

ሌሎች ክፍሎች ይህን ሥራ ለመጀመር ብታስቡ ደብተራችንን እናውሳችኋለን። ስልክና መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ግን እርሳስ አንሡና ቁጠሩ፤ ከመካከላችሁ ዝም ብሎ የሚደክመው ማን እንደ ሆነም ተመልከቱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።