ምዕራፍ 6፦ ፎርጅድ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኮባር ከተማ፣ ቱቅባ ሰፈር የምትኖር እህት ደውላ ጠራችኝ። ደሴ ላለው ታናሽ ወንድሟ የምትልከው ላፕቶፕ አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። ሻንጣው አጠገቡ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ላፕቶፑ ያገለገለ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ ባትሪውም ደህና ነው። ችግሩ ከስክሪኑ በስተቀኝ ከታች የሚታየው ግራጫ ጽሑፍ ነው፤ ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጉ ይላል። «ጥገና ቤት ወስጄ ፎርማት ሲያደርጉልኝ አስሊ (ኦርጅናል) ነው ብለው ነው ሪያሌን የተቀበሉት» አለችኝ። ፋቱራ (ደረሰኝ) አልሰጧትም። የተጫነበትን ቀን ስጠይቃት በጣቷ ቆጥራ ሰባት ወር ሊሆነው ነው አለች።

ሰባት ወሩን ስሰማ ነገሩ ገባኝ።

ዊንዶውስን አክቲቬት የማድረጊያ መንገዶች ብዙ ናቸው። አንዱ በመቶ የሚቆጠር ኮምፒውተር ላላቸው ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀ ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ሰርቨር ያቆማል፤ ኮምፒውተሮቹ ከዚያ ሰርቨር ፈቃድ ይወስዳሉ። የሚሰጣቸው ፈቃድ የሚያገለግለው 180 ቀን ነው። ከሰርቨሩ ጋር እየተገናኙ ካላሳደሱት ይወድቃል፤ ያ ግራጫ ጽሑፍም ብቅ ይላል። ሰፈር ውስጥ ክራክ የምንለው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ይህን ሰርቨር መስሎ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ተቀምጦ «የመሥሪያ ቤትህ ሰርቨር እኔ ነኝ» ይለዋል፤ ዊንዶውሱም ያምነዋል። ክራኩ በሆነ ምክንያት ማደሱን ሲያቆም ከ180 ቀን በኋላ ጉዱ ይወጣል።

ይህን ለማየት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግዎትም። ሴቲንግስ ይክፈቱ፤ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን የሚለውን ይጫኑ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ አክቲቬሽንን የሚያገኙት አፕዴት ኤንድ ሴኪውሪቲ በሚለው ሥር ነው። በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል ካለዎት ጥሩ ምልክት ነው። በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት አክቲቬት ሆኗል ካለዎት ግን ቆም ይበሉ። ላፕቶፑ የቤትዎ ነው፤ የምን ድርጅት? ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለጉ የዊንዶውስን ቁልፍና አር የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር ብለው ይጻፉ። አንድ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ወደ ቀኝ ያዘነበለች ጭረት ያስገቡና ኤክስ፣ ፒ፣ አር ብለው ይጨርሱ፤ ኢንተር ይምቱ። የሚያልቅበት ቀን ከነሰዓቱ ከመጣ ፈቃዱ ያ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ነው። ለዘለቄታው አክቲቬት ሆኗል የሚል መልስ ግን ብቻውን ኦርጅናል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ይህንንም አስመስለው የሚያወጡ ክራኮች አሉ።

የእሷ ላፕቶፕ ሌሎች ምልክቶችም ነበሩት። ወንድሟ አማርኛ እንዲጽፍበት የቋንቋውን ኪቦርድ ልትጨምር ሞክራ እምቢ ብሏታል። ኮምፒውተሩ እንዲፈጥን እየተባለ የተከረከመ ዊንዶውስ በየፍላሹ ይዞራል፤ ከውስጡ መጀመሪያ ከሚጣሉት ነገሮች አንዱ የቋንቋ ክፍሉ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አማርኛን በዊንዶውስ ውስጥ አስገብቶልናል፤ ኒያላ የሚባለውም የአማርኛ ፎንት የመጣው ያኔ ነው። ፎርጅድ አዘጋጁ ግን ለአማርኛ አይጨነቅም።

ከሁሉ የከፋው የጸረ ቫይረሱ ጉዳይ ነበር። ክራክ የሚጭን ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ አለዚያ ይያዝበታል። ወይም ደግሞ «ይህን ፎልደር አትፈትሽ» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ሴኪውሪቲ ውስጥ ኤክስክሉዥንስ የሚባል ዝርዝር አለ፤ እርስዎ ሳያስገቡት የገባ ፎልደር እዚያ ካገኙ አንድ ሰው በርዎን ሳይዘጋ ሄዷል ማለት ነው። በእሷ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ነበሩ። አፕዴቱም ተዘግቷል።

«ታዲያ ምን ይወስዱብኛል? እኔ እኮ ድሃ ነኝ» አለችኝ። ይህን ብዙ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። መልሴ ረጅም ነበር፤ እዚህም ላሳጥረው አልፈልግም። የኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ፎቶ፣ የፓስፖርቷ ስካን፣ የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም ዴስክቶፑ ላይ ተደርድረዋል። ኢሜይሏ፣ ፌስቡኳና ገንዘብ የምትልክበት ሂሳብ የይለፍ ቃላቸው ብሮውዘሩ ላይ ተቀምጧል። አብሽር ወደሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ስትገባ ኮዱ በስልኳ መምጣቱ ትልቅ መከላከያ ነው፤ ኢሜይሏ ግን እንዲያ አልተጠበቀም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሬድ ካናሪ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ይፋ ያደረገው ልክ እንዲህ ያለውን ስርቆት ነው። ኬኤምኤስ ፒኮ የተባለውን ታዋቂ የዊንዶውስ ክራክ ፈልገው የሚያወርዱ ሰዎች አብሮት ክሪፕትቦት የሚባል ሌባ ፕሮግራም ያወርዱ ነበር። ክሪፕትቦት ከብሮውዘር የይለፍ ቃል ይሰበስባል፤ የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳም ይዘርፋል። ክራኩ ሥራውን ስለሚሠራ ባለቤቱ አይጠራጠርም።

የአፕዴቱም መዘጋት ቀላል አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 አንድ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 አገሮች ገደማ የሰዎችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። አፕዴቱን የጫነ ዊንዶውስ ቀዳዳው ተደፍኖለት ነበር።

የምንኖረው ደግሞ ቫይረስ የሚያደርሰውን ጉዳት በቅርብ ባየ አገር ነው። ከደማምም ከኮባርም በመኪና ብዙ በማይርቀው ዳህራን፣ ሳዑዲ አራምኮ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2012 ሻሙን በተባለ ቫይረስ ተመትቶ 30,000 ያህል ኮምፒውተሮቹ ተጎድተዋል። ያ ከፎርጅድ ዊንዶውስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥቃት ነው። እኔ የማነሳው ለንጽጽር ነው። አራምኮ የሰለጠነ ባለሙያ ነበረው፤ መልሶ የሚተካበት ገንዘብም ነበረው። ቱቅባ ያለችው እህታችን የልጇ ፎቶ ያለው እዚያች ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል፤ በተለይ ጥገና ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ ወንድሞች። በ1424 ዓመተ ሂጅራ የወጣው የሳዑዲ የቅጂ መብት ሕግ ሶፍትዌርንም ይጠብቃል፤ እስከ 250,000 ሪያል መቀጫና እስከ 6 ወር እስራት አስቀምጧል። አገር ቤትም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ሥራ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ መፍትሔው። እህቴ «አስሊውን ለመግዛት ስንት ያስፈልጋል?» ብላ ቦርሳዋን ስታነሳ ቆይ አልኳት። የላፕቶፑን ሞዴል አየሁት፤ ከፋብሪካው ዊንዶውስ 10 ሆም ተጭኖበት የወጣ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ቁልፉ ከላፕቶፑ ሥር ተለጥፎ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች ቁልፉን ማዘር ቦርዱ ውስጥ ይጽፉታል። ተለጣፊ ስለሌለ ፈቃድ የሌለው ይመስላል እንጂ ፈቃዱ ከነማሽኑ ተገዝቷል። ጥገና ቤቱ ያደረገው ሆም የሚለውን ኦርጅናል አጥፍቶ ፕሮ የሚል ፎርጅድ መጫን ነው። ሰውየው የሸጠላት ከራሷ ንብረት የባሰውን ነው፤ ይህ በጣም ያናድደኛል።

ስለዚህ ያደረግነው ይህን ነው። ፎቶዎቿንና ሰነዶቿን ብቻ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን፤ ፕሮግራም የሚባል አንድም አልነካንም፤ ፎርጅዱ ተመልሶ የሚገባው በዚያ ነውና። ከዚያ በእኔ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ከራሱ ድረ ገጽ የዊንዶውስ 11 መጫኛ አውርጄ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁ። ከማንም ቴሌግራም ወይም ከማንም ፍላሽ አይውሰዱ። በፍላሹ አስነስተን የድሮዎቹን ክፍልፋዮች በሙሉ ሰረዝናቸው፤ ሌባው ካለ አብሮ ይሄዳል። መጫኛው ቁልፉን ከቦርዱ ላይ ራሱ አንብቦ ሆምን መረጠ። የይለፍ ቃሎቿን የቀየርነው ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን በስልኳ ነው፤ ኢሜይሏን አስቀደምን።

የእርስዎ ማሽን ቁልፍ ባይኖረውስ? ከታወቀ ሱቅ በፋቱራ ይግዙ። በጥቂት ሪያል በዋትስአፕ የሚላኩት ቁልፎች አብዛኛውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ የተሸራረፉ ናቸው፤ ሲዘጉ ሻጩም ስልኩን ይዘጋል። ለጊዜው ገንዘብ ከሌለዎት፣ ከማይክሮሶፍት የወረደ ግን አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ የደኅንነት አፕዴት ያገኛል፤ ፈቃድ እስኪገዙ ድረስ ከክራኩ በእጅጉ ይሻላል። ላፕቶፑ አርጅቶ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ከሆነ ደግሞ ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ይጫኑበት። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ፈቃድ የሚጠይቅዎት የለም። አማርኛም ይጻፍባቸዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ ይህ ጉዳይ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል።

ወደ ማታ ላይ ላፕቶፑን ከዋይፋይ ጋር አገናኘነው። አክቲቬሽን የሚለውን ከፈተችው፤ በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል ይላል። አማርኛን በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ጨመረች፤ ወረደ። ኖትፓድ ከፍታ የወንድሟን ስም ጻፈች። ያ ፈቃድ በቦርዱ ላይ ስለተጻፈ ከላፕቶፑ ጋር ደሴ ይገባል። እርስዎም ለእህትዎ፣ ለወንድምዎ ላፕቶፕ የሚልኩ ከሆነ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ያችን አንድ ገጽ ይክፈቱ። አገር ቤት በደካማ ኢንተርኔት ያን ሁሉ ጊጋባይት ከሚያወርዱ እዚህ እርስዎ ቢያስተካክሉላቸው ይሻላል።